አንድ ዙር ስንት ሜትር ነው? የርቀት ጥያቄዎችን በክብ ዙሪያ መፍታት

"የአንድ ብስክሌት ጎማ ዲያሜትር 70 ሴንቲሜትር ነው። 1 ኪሎሜትር ለመጓዝ ጎማው ስንት ጊዜ ይሽከረከራል?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ያልገጠመው የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ቀመሩን በቃላቸው ያውቁታል። ፓይ ሲባዛ በዲያሜትር ብለው ይወጡታል። ጥያቄው ሲመጣ ግን እጃቸው ይያዛል። ቀመሩ ጠፍቷቸው አይደለም። ጎማው፣ መንገዱና ኪሎሜትሩ ከቀመሩ ጋር የት ላይ እንደሚገናኙ ስላልታያቸው ነው።

መገናኛው አንድ ቦታ ነው። አንድ ዙር ማለት አንድ የክብ ዙሪያ ማለት ነው። ጎማ አንዴ ሲሽከረከር፣ መሬት ላይ ልክ የዙሪያውን ያህል ይጓዛል። ሰው ክብ ሜዳን አንዴ ሲዞር፣ የሜዳውን ዙሪያ ያህል ሄደ። ገመድ በግንድ ላይ አንዴ ሲጠቀለል፣ የግንዱን ዙሪያ ያህል ገመድ ወሰደ።

ስለዚህ በእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ የአንድ ዙር ርዝመት፣ የዙሮች ብዛትና ጠቅላላ ርቀት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲባዙ ሦስተኛውን ይሰጣሉ። ጥያቄው ሁለቱን ይነግራችኋል፤ ወይም የምታገኙበትን መንገድ ይሰጣችኋል። የቀረውን እናንተ ታወጣላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ አንድ ሐሳብ አጠቃቀም ነው።

ከቀመሩ በፊት ክር ያዙ

ልጅ እያስጠናችሁ ከሆነ፣ ፓይን በቃሉ ከመያዙ በፊት በእጁ ይለካው። ክር፣ የልብስ ሰፊ ሜትርና ቤት ውስጥ ያለ ክብ ዕቃ ይበቃል። ባልዲም ይሁን ትሪ፣ ድስትም ይሁን ምጣድ ለውጥ የለውም።

መጀመሪያ ክሩን በዕቃው ጠርዝ ላይ አንዴ አዙሩና ርዝመቱን ለኩ። ይሄ ዙሪያው ነው። አንዳንድ የትምህርት መጻሕፍት "መጠነ ዙሪያ" ይሉታል። ቀጥሎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በመሃል አሳልፋችሁ ለኩ። ይሄ ዲያሜትሩ ነው። መሃሉን በትክክል ማግኘት ካስቸገረ፣ የሜትሩን አንድ ጫፍ ጠርዙ ላይ ያዙና ሌላውን ጫፍ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። ከሁሉ የሚበልጠው ርዝመት ዲያሜትሩ ነው። አሁን ዙሪያውን ለዲያሜትሩ አካፍሉት።

ዲያሜትሩ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ምጣድ ዙሪያው 188 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። 188 ለ60 ሲካፈል 3.13 ይመጣል። 21 ሴንቲሜትር የሆነ ሳህን ዙሪያው 66 ገደማ ነው። 66 ለ21 ሲካፈል 3.14 ነው። ዕቃው ቢተልቅም ቢያንስም መልሱ ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ፓይ የሚባለው ይሄው ነው። ትክክለኛው ቁጥር 3.14159 እያለ ማለቂያ በሌላቸው አሃዞች ይቀጥላል። አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ላይ፣ ፓይ ከ3 10/71 እንደሚበልጥና ከ3 1/7 እንደሚያንስ አስልቶ አሳይቷል። ዛሬም ክፍል ውስጥ የምንጠቀምበት 22/7 ያ 3 1/7 ነው።

እንግዲህ ቀመሩ፦

ዙሪያ = ፓይ × ዲያሜትር

ራዲየስ፣ ማለትም ከመሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርዝመት፣ ከተሰጣችሁ በ2 አባዝታችሁ ዲያሜትር አድርጉት። ለየብቻ ሁለት ቀመር መሸምደድ አያስፈልግም። እንዲያውም መምታታት የሚመጣው ሁለቱን ጎን ለጎን ከመያዝ ነው።

የትኛውን ፓይ እንጠቀም? ዲያሜትሩ 7፣ 14፣ 35 ወይም 70 ዓይነት በ7 የሚካፈል ቁጥር ከሆነ 22/7 ሥራ ያቀላል። ለሌላው 3.14 ይበቃል። ስልክ ላይ ካልኩሌተር ካለ 3.1416 ብትሉ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ ስለ ሩጫ ሜዳ ስናወራ ታያላችሁ። ከሁሉም በፊት ግን በ3 አባዝታችሁ ግምት ያዙ። ግምታችሁ 2 ሜትር ሆኖ መልሳችሁ 20 ሜትር ከመጣ፣ አንድ ቦታ ነጥብ ተንሸራቷል። ይህን ልማድ ከቀመሩ ራሱ አስበልጬ አየዋለሁ።

ጥያቄውን ስታነቡ

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት የሚንቀሳቀሰው ምን እንደሆነ ለዩ። ክቡ ራሱ ነው የሚንከባለለው፣ ለምሳሌ ጎማ? ወይስ ክቡ ባለበት ቆሞ ሌላ ነገር ይዞረዋል፣ ለምሳሌ ሯጭ? ወይስ የሆነ ነገር ይጠቀለልበታል? ስሌቱ አንድ ነው። ግን ይሄ ካልተለየ የየትኛው ክብ ዙሪያ እንደሚፈለግ አይታወቅም።

ከዚያ የተሰጠው ቁጥር ራዲየስ ይሁን ዲያሜትር አስምሩበት። "ከመሃል እስከ ጠርዝ" ካለ ራዲየስ ነው። "ስፋቱ" ወይም "ከጫፍ እስከ ጫፍ" ካለ ዲያሜትር ነው። በመጨረሻም መለኪያዎቹን አንድ አድርጉ። ጎማ በሴንቲሜትር፣ መንገድ በኪሎሜትር ነው የሚሰጠው። ሁለቱንም ወደ ሜትር መመለስ ከሁሉ ይቀላል።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄ እንፍታው። የሚንከባለለው ጎማው ነው። የተሰጠው ዲያሜትር ነው፤ 70 ሴንቲሜትር ወይም 0.7 ሜትር። ግምት፦ 3 × 0.7 = 2.1 ሜትር። በትክክል ሲሰላ 22/7 × 0.7 = 2.2 ሜትር። አንድ ዙር 2.2 ሜትር ነው ማለት ነው። ጠቅላላው ርቀት 1,000 ሜትር ነው። የጎደለው የዙሮች ብዛት ስለሆነ እናካፍላለን፦ 1,000 ÷ 2.2 = 454.5። ጎማው 454 ሙሉ ዙርና ግማሽ ያህል ይሽከረከራል።

ጥያቄው ተገልብጦ ሊመጣም ይችላል። "ጎማው 300 ጊዜ ቢሽከረከር ስንት ሜትር ይሄዳል?" ከተባለ ማባዛት ነው፦ 300 × 2.2 = 660 ሜትር። "በ500 ዙር 1,100 ሜትር ሄደ፤ ዲያሜትሩ ስንት ነው?" ከተባለ ደግሞ የአንድ ዙሩን ርዝመት አውጡ፦ 1,100 ÷ 500 = 2.2 ሜትር። ከዚያ ለፓይ አካፍሉት፤ 0.7 ሜትር ይመጣል። ሦስቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ፤ ሥዕሉ ግን አንድ ነው።

ጎማው ጎናችሁ ካለ

ብስክሌት ካላችሁ መልሱን መንገድ ላይ ፈትኑት። ጎማው መሬት በሚነካበት ቦታ ላይ ጎማውንም አስፋልቱንም በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ብስክሌቱን ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት። የጎማው ምልክት ዞሮ እንደገና መሬት ሲነካ አስፋልቱ ላይ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያለው ርቀት የጎማው ዙሪያ ነው። ሰው ተቀምጦበት ከሆነ ከስሌቱ በጥቂቱ ያነሰ ይመጣል፤ ክብደት ጎማውን ትንሽ ይጨፈልቀዋል። ከቤት እስከ ሱቅ ያለውን ርቀት ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ እየቆጠራችሁ ብስክሌቱን መግፋት ነው። ዙሪያው ልክ 1 ሜትር የሆነ መንኮራኩር እየገፉ መንገድ የሚለኩ ሰዎች የሚጠቀሙት በዚሁ ነው። የዚያ መንኮራኩር ዲያሜትር ስንት ይሆናል? 1 ሜትር ለ3.14 ሲካፈል 32 ሴንቲሜትር ገደማ።

የመኪና ጎማ ደግሞ ልኩን ጎኑ ላይ ጽፎ ይዞራል። 195/65 አር 15 የሚለውን እንውሰድ፤ ኮሮላ ላይ በብዛት ይታያል። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 የጎማው የጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

የጎኑ ቁመት፦ 195 × 0.65 = 126.75 ሚሊሜትር። ጎማው ከቸርኬው በላይም በታችም ስላለ በ2 ይባዛል፦ 253.5። ቸርኬው፦ 15 × 25.4 = 381 ሚሊሜትር። ሲደመር ዲያሜትሩ 634.5 ሚሊሜትር ነው። በፓይ ሲባዛ 1,993 ሚሊሜትር፤ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ይህ ጎማ 1 ኪሎሜትር ሲሄድ 502 ጊዜ ያህል ይዞራል። 85 ኪሎሜትር ገደማ በሆነው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ከ42,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል።

ይሄ ስሌት ኪስ ውስጥም ይገባል። ጎሚስታው ጋ ያ ልክ ጠፍቶ 195/60 አር 15 አስገባችሁ እንበል። ዲያሜትሩ 615 ሚሊሜትር ይሆናል። የመኪናው ጌጅ ግን ርቀቱን የሚያሰላው ዙር ቆጥሮ ነው። ጎማ መቀየሩን አያውቅም። 615 ለ634.5 ሲካፈል 0.969 ነው። ስለዚህ ጌጁ 100 ኪሎሜትር ሲል በእውነት የሄዳችሁት 97 ገደማ ነው። በተቃራኒው 205/65 አር 15 ካስገባችሁ ዲያሜትሩ 647.5 ይሆናል። ጌጁ በሰዓት 100 ሲል እናንተ 102 ላይ ናችሁ። ትልቅ ጎማ ያስገባ ሰው ጌጁ ከሚነግረው በላይ እየፈጠነ ነውና ይህን ማወቅ አለበት።

አሜሪካ ሆናችሁ ልጆቻችሁን የቤት ሥራ የምታግዙ፣ ቁጥሩ በኢንችና በማይል ሲመጣ አትደንግጡ። 26 ኢንች የሆነ የብስክሌት ጎማ አንድ ዙሩ 26 × 3.14 = 81.64 ኢንች ነው። አንድ ማይል 63,360 ኢንች ነው። ሲካፈል 776 ዙር ገደማ ይመጣል።

ክቡ ቆሞ ሰው ሲዞረው

ለዚህ ከሩጫ ሜዳ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። በሩጫ የምንታወቅ ሕዝብ ሆነን የመሙን ሒሳብ ልጆቻችን አለማወቃቸው ያሳዝነኛል። ደረጃውን የጠበቀ የ400 ሜትር መም ሁለት ቀጥ ያሉ ጎኖችና ሁለት ግማሽ ክብ መታጠፊያዎች አሉት። የእያንዳንዱ ቀጥ ያለ ጎን ርዝመት 84.39 ሜትር ነው። የመታጠፊያው ውስጠኛ ጠርዝ ራዲየስ 36.50 ሜትር ነው። ሯጩ ግን ጠርዙ ላይ አይሮጥም። ስለዚህ ርቀቱ ከጠርዙ 30 ሴንቲሜትር ወጣ ብሎ ይለካል፤ የስሌቱ ራዲየስ 36.80 ይሆናል።

ሁለቱ ግማሽ ክቦች አንድ ሙሉ ክብ ይሠራሉ፦ 2 × 36.80 × 3.1416 = 231.22 ሜትር። ሁለቱ ቀጥ ያሉ ጎኖች 168.78 ሜትር ናቸው። ድምሩ ልክ 400 ሜትር ነው።

በ3.14 ብታሰሉት ግን 399.88 ይመጣል። 12 ሴንቲሜትር ጎደለ። ለአንድ ዙር ምንም አይደለም። የ10,000 ሜትር ውድድር ግን 25 ዙር ነው፤ 12 ሴንቲሜትሩ ወደ 3 ሜትር ያድጋል። ዙሩ ሲበዛ ትንሿ የፓይ ስህተትም አብራ ትበዛለች። 3.1416 ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደሚገርመው ክፍል። በ400 ሜትር ውድድር ሯጮቹ ለምን ደረጃ ሠርተው ይነሳሉ? ሁለተኛው ሌን ከአንደኛው ውጪ ስለሆነ ክቡ ይሰፋል። የሁለተኛው ሌን የስሌት ራዲየስ 37.92 ሜትር ነው፤ ከአንደኛው በ1.12 ሜትር ይበልጣል። ስንት ሜትር ቅድሚያ ይሰጠው? 2 × 3.1416 × 1.12 = 7.04 ሜትር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሌን 1.22 ሜትር ስፋት ስላለው 7.67 ሜትር ይጨመራል። ስምንተኛው ሌን ላይ ያለው ሯጭ ከአንደኛው 53 ሜትር ቀድሞ ይቆማል።

ልብ በሉ፤ 36.80 የሚለው ቁጥር ልዩነቱን ስናወጣ አላስፈለገም። የሁለት ዙሪያዎች ልዩነት የሚወሰነው በራዲየሶቹ ልዩነት ብቻ ነው። ሜዳው ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድ ሜትር ወደ ውጪ የወጣ ሰው በሙሉ ዙር 6.28 ሜትር ይጨምራል። በአንድ መታጠፊያ፣ ማለትም በግማሽ ክብ፣ 3.14 ሜትር።

በዚህ ዓይን የ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክን የ10,000 ሜትር ውድድር አስቡት። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ ገባ። ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ተከተለው። የ0.09 ሰከንድ ልዩነት በረጅም ርቀት ሯጭ ፍጥነት ቢሰላ አንድ ሜትር አይሞላም። አንድ መታጠፊያ ላይ ብቻ አንድ ሜትር ወደ ውጪ ወጥቶ መሮጥ ደግሞ ከሦስት ሜትር በላይ ያስከፍላል። በ10,000 ሜትር ውስጥ 50 መታጠፊያ አለ። ሁሉንም በአንድ ሜትር ርቆ የሮጠ ሰው 157 ሜትር ተጨማሪ ይሮጣል። አሰልጣኝ "ውስጡን ያዝ!" እያለ የሚጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይኸው ሒሳብ አውድማ ላይም አለ። እህል ሲበራይ በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው ክብ ይዞራሉ። ውስጠኛው በሬ ከመሃል 2 ሜትር፣ የዳሩ በሬ 5 ሜትር ቢርቅ፣ ውስጠኛው በአንድ ዙር 12.56 ሜትር ይሄዳል። የዳሩ 31.4 ሜትር ይሄዳል። ከመቶ ዙር በኋላ አንዱ 1.3 ኪሎሜትር፣ ሌላው ከ3 ኪሎሜትር በላይ ሄዷል። እኩል ጊዜ ነው የሠሩት፤ እኩል መንገድ ግን አልሄዱም።

ገመድና ጉድጓድ

የውሃ ጉድጓድ ላይ ገመዱ በግንድ ላይ የሚጠቀለል ከሆነ፣ ውሃው ጋ ያለውን ጥልቀት ሜትር ሳትሰዱ ማወቅ ትችላላችሁ። ባልዲው ከአፉ ተነስቶ ውሃ እስኪነካ ግንዱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። የግንዱ ዲያሜትር 20 ሴንቲሜትር፣ የገመዱ ውፍረት 2 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ የምትወስዱት ዲያሜትር 22 ነው። ገመዱ የራሱ ውፍረት ስላለው፣ ርዝመቱ የሚለካው በገመዱ መሃል በሚያልፈው ክብ ላይ ነው። 22 × 3.14 = 69 ሴንቲሜትር። 18 ዙር ከቆጠራችሁ 12.4 ሜትር ገደማ ነው። ይህ የሚሠራው ገመዱ በአንድ ረድፍ ከተጠቀለለ ነው። በራሱ ላይ ከተደረበ የላይኛው ረድፍ ዙሪያ ይበልጣል፤ ለብቻው መሰላት አለበት።

ሙሉ ዙር ካልሆነስ?

ሙሉውን ዙሪያ አውጡና የምትፈልጉትን ክፍልፋይ ውሰዱ። አደባባይ ላይ ከመሃል 20 ሜትር ርቆ የሚዞር መኪና ሙሉ ዙሩ 125.6 ሜትር ነው። እኛ አገር በቀኝ ስለሚነዳ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሩብ ክብ ይሄዳል፤ 31.4 ሜትር። ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ግማሹን፤ 62.8 ሜትር። ወደ ግራ የሚሄድ ሦስት አራተኛውን፤ 94.2 ሜትር።

መሬትም ትልቅ ክብ ናት። በዋልታዎቹ በኩል የሚያልፈው ዙሪያዋ 40,000 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ድፍን የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ፈረንሳዮች በ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሜትርን ሲወስኑ፣ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለው ርቀት 10,000 ኪሎሜትር እንዲሆን አስበው ነው። ስለዚህ አንድ ዲግሪ 40,000 ÷ 360 = 111 ኪሎሜትር ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ፣ መቀሌ 13.5 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናቸው። መቀሌ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ናት፤ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብለው ጥቂት ነው። 4.5 × 111 = 500 ኪሎሜትር ያህል። የአየር ርቀቱ ይሄው ነው። በመኪና ግን በደሴ በኩል ወደ 780 ኪሎሜትር ይሆናል፤ ተራራው መንገዱን ያጠማዝዘዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ራዲየስን እንደ ዲያሜትር መውሰድ ቀዳሚው ነው፤ መልሱ በግማሽ ያንሳል። ሌላው የቦታ ስፋትን ቀመር ማምጣት ነው። ራዲየስ በራሱ ከተባዛ የምታወጡት የቦታ ስፋት ነው፤ ውጤቱም ካሬ ሜትር ይሆናል። ርቀት ካሬ የለውም። ሦስተኛው ቶሎ ማጠጋጋት ነው። የአንድ ዙሩን ርዝመት 1.993 ከማለት 2 ብላችሁ በሺዎች ብታባዙ ስህተቱም በሺዎች ይባዛል። እስከ መጨረሻው ያዙትና መልሱን ብቻ አጠጋጉ።

ለልምምድ

1. የባጃጅ ጎማ ዲያሜትሩ 42 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ በ2,500 ዙር ስንት ኪሎሜትር ይሄዳል?

2. የግድግዳ ሰዓት የደቂቃ ቆጣሪ 15 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ጫፉ በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ሜትር ይጓዛል?

3. ክብ የሆነ ሜዳ ራዲየሱ 35 ሜትር ነው። 5 ኪሎሜትር ለመሮጥ ስንት ዙር ያስፈልጋል?

4. ሁለት ጓደኛሞች ያንኑ ሜዳ ጎን ለጎን ሆነው 10 ጊዜ ዞሩት። አንዱ ከሌላው በ1.5 ሜትር ወደ ውጪ ነበር። ምን ያህል አብልጦ ሄደ?

መልሶች፦ የመጀመሪያው፣ አንድ ዙር 1.32 ሜትር ስለሆነ 3.3 ኪሎሜትር። ሁለተኛው፣ አንድ ዙር 94.2 ሴንቲሜትር ነው፤ በቀን 24 ዙር ስለሚዞር 22.6 ሜትር ገደማ። ሦስተኛው፣ አንድ ዙር 220 ሜትር ነው፤ 22.7 ስለሚመጣ 22 ዙር አይበቃም፣ 23 መሮጥ ያስፈልጋል። አራተኛው፣ 2 × 3.14 × 1.5 = 9.42፤ በ10 ዙር 94.2 ሜትር። በአራተኛው 35 ሜትሩን ከተጠቀማችሁ አልተሳሳታችሁም፤ መንገዱን ግን አርዝማችኋል።